ባሌና የእናቱ ቁም ሳጥን

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሽን ላይ ተቀምጦ ስለሚውል ይመስለኛል፣ ቤት ከገባ ቂጡ ወንበር አይነካም። ራት እየበላ ይነሳል፤ የማያፈስ ቧንቧ ያጠብቃል፤ ያልተጣመመ ፎቶ ያቃናል። "አንተ ሰውዬ፣ አንዴ አረፍ ብትል ምናለበት?" ስለው "አሁን አርፋለሁ" ይለኛል እየሄደ።

እናቱ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ እኛ ጋ ናቸው፤ አምስት ወር ሆናቸው። በአንድ እጃቸውም ቢሆን ልብሳቸውን የሚመርጡትም የሚለብሱትም ራሳቸው ናቸው። ሰው እንዲያለብሳቸው ሞታቸው ነው። ታዲያ የክፍላቸው ቁም ሳጥን በር ያ መሀሉ ላይ የሚታጠፈው ዓይነት ነው፤ ወለሉን እየፋቀ እምቢ አላቸው። ሲታገሉት የባሌ እህት ደረሰች። "ልብሷን እንኳ ሰው ሳትጠራ ማውጣት ካቃታት፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ" ብላ ሄደች። ባሌ ክው አለ። በአፉ አይናገረው እንጂ እናቱን ከወሰዱበት አለቀለት።

መጀመሪያ ያደረገውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። በሩ ወለል ይነካል አይደል? ለልብስ ሰፊ የረዘመ ነገር መድኃኒቱ አንድ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ በሩን አውልቆ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ከታች በኩል ሁለት ጣት ያህል በመጋዝ ቆረጠው፤ ልክ እንደ ሱሪ። የሥሩን ብረት መልሶ ገጥሞ ሲያቆመው ወለሉን መፋቁን አልተወም። ይልቅ ከላይ አጠረና ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ወጥቶ ትከሻው ላይ ወደቀበት። እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ጎረቤታችን አናጢው መጥቶ ሲያየው ይሳቅ ይዘን ግራ ገባው። "ወንድሜ፣ በሩ እኮ የቆመው ከሥሩ ባለችው ቡሎን ላይ ነው። ከሥር ብትቆርጠው ያንኑ ያህል ወርዶ ይቀመጣል፤ እሷን ስታዞራት ነው ከፍ ዝቅ የሚልልህ። ሁለት ዙር ይበቃው ነበር።"

"ሁለት ዙር?" አለ ባሌ። እንቅልፍ አጣ። የቆረጠውን እንጨት በማጣበቂያና በምስማር መልሶ ቀጠለው። ቡሎኗን አዞረ፣ ደግሞ መለሰ። ሐዲዱን ሻማ ቀባ፣ አልበቃ ሲለው ዘይት አመጣ። ጠዋት ሥራ ሳይሄድ እዚያ ነው፤ ማታ ጫማውን ሳያወልቅ እዚያ ነው። እናቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። "ልጄ፣ ና እስቲ አጠገቤ" ሲሉት "እሺ እማዬ፣ ይቺን ብቻ ላጥብቅ" ይላል። ያናድደኛል፤ መልሶ ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ያለ ድምፅ፣ በአንድ ጣት የሚገፋ ሆነ። የባሌ ፊት በራ።

"እስቲ ሞክሪው እማዬ።"

ተነስተው በደህናው እጃቸው ገፋ አደረጉት፤ ወለል ብሎ ተከፈተ። ቀሚሳቸውን አወጡ። ሹራባቸውን አወጡ። አንድ በአንድ አልጋው ላይ ደረደሩ። ከዚያ ከታችኛው መደርደሪያ ሻንጣቸውን ጎተቱ።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"በሩ ጥሩ ሆኗል፤ እጅህ ይባረክ" አሉት ረጋ ብለው። "እኔ ግን እህትህ ጋ ልሂድ። እሷ ቁጭ ብላ ታጫውተኛለች። አንተን አምስት ወር ሙሉ ጀርባህን ብቻ ነው ያየሁት።"

ካቻቢቴው እጁ ላይ ቀረ። "ታዲያ ምናለ እስከ ዛሬ ብትነግሪኝ?"

"መቼ ተቀምጠህ?"

ባሌ አልጋው ላይ፣ ከልብሶቹ አጠገብ ቁጭ አለ። እህቱ መጥታ ደወሉን ስትደውል እንኳ አልተነሳም፤ እኔ ሄጄ ከፈትኩላት።