የአባቴ ሲሶ

የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ከጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ አዳማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ከባለቤቴ ከቶሎሳ ጋር ያሳለፍነው የመጨረሻ አመሻሽ ይመለስብኛል። ቶሎሳ እሸቱን ለሦስት ሰብሮ ሳህን ላይ ደረደረና፣ እንደ ልማዱ «የባለመሬቱ ልጅ፣ መጀመሪያ አንቺ ምረጪ» አለኝ። «እስከ መቼ ነው ጭሰኛዬ የምትሆነው?» ስለው፣ «እስክታፈናቅይኝ» ብሎ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላው ዐረፈ።

ቀልዱ ከልጅነታችን የመጣ ነው። መቂ አጠገብ የነበረንን መሬት አባቴ «ርስታችን» ይለው ነበር፤ መሬቱ ግን ከሰሜን ሸዋ ለመጣው አያቴ በደመወዝ ፈንታ የተሰጠ ነበር፤ ከጥንት ጀምሮ ሲያርሱት የኖሩት ሰዎችም በገዛ ቀያቸው ጭሰኛ ተብለው፣ ካመረቱት ሲሶውን ለእኛ ይሰጡ ነበር። ክረምቱን እኛ አዳማ ተቀምጠን ዝናቡን በመስኮት ስናይ፣ የቶሎሳ አባት አቶ ገመቹ ጭቃ ውስጥ በሬ ይከተሉ ነበር። በበጋ ጤፉ ተወቅቶ ሲያበቃ አባቴ እኔን አስከትሎ ይሄድ ነበር። አቶ ገመቹ ምርቱን በሦስት ቁልል ከፍለው ራቅ ብለው ይቆሙ ነበር፤ መጀመሪያ የሚመርጠው ባለመሬቱ ስለሆነ፣ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ራስን መጉዳት ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ወጥቶ፣ ሦስቱ ቁልሎች ተደምረው የአምናዋን አንዷን እንኳ አያክሉም ነበር። አቶ ገመቹ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው፣ «ጌታዬ፣ የዘንድሮን ይማሩን፤ ልጆች አሉ» አሉ። አባቴ «አምና ሲትረፈረፍ ከሲሶው በላይ ሰጥተኸኛል?» አለና በከዘራው መካከለኛውን ቁልል ጠቆመ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጠው ቶሎሳ የጆንያችንን አፍ ከፍቶ ይዞ፣ ጤፉ ተሰፍሮ እስኪያልቅ ዐይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

በኋላ አዋጁ መጣ፤ መሬቱ ለአራሾቹ ሆነ፣ አባቴም መቂን ዳግም ሳያይ ሞተ። እኔና ቶሎሳ አስተማሪዎች ሆነን አዳማ ተገናኝተን ተጋባን። ስለዚያ አውድማ ግን በቁም ነገር አውርተን አናውቅም፤ የነበረን የሚሰበረው በቆሎና ቀልዱ ብቻ ነበር።

ካቻምና በጥር፣ ከሐዘኑ በኋላ፣ የቶሎሳ ታናሽ ወንድም ከመቂ ደውሎ ጠራኝ። ከሽንኩርት ማሳ ጎን ባለው በዚያው አውድማ ላይ ጤፉ በሦስት ተቆልሎ ጠበቀኝ፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእህታቸው፣ አንዱ ለሟቹ ቤት።

«እትዬ፣ ይምረጡ፤ የወንድሜ ቤት ነው የሚቀድመው» አለኝ።

የቆምኩት አባቴ ይቆምበት በነበረው ቦታ ነበርና እጄን ማንሳት አቃተኝ። «እናንተ አንሱ፤ የቀረው የእኔ ነው» አልኩትና፣ ጆንያ አንስቼ አፉን ከፍቼ ያዝኩለት።

ያኔ መሬት ማለት ለእኛ ቤት ቀድሞ መምረጥ ነበር። አሁን ጤፍ በተወቃ ቁጥር መቂ ሄጄ ጆንያ እይዛለሁ።