ቀለም ያላወጣው የእህቴ ናሙና

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከእናታችን ጋር ፋብሪካው አካባቢ ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። እኔ ደሴ ሆጤ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እህቴ መክሳት ስትጀምር ሁላችንም የሥራ ድካም መሰለን። እሷ ግን "ውኃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም" ትል ነበር። አንድ ቀን ማሽኗ አጠገብ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስኳር ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጣት፤ አልፈየደላትም። ደሴ አምጥተናት ኢንሱሊን ሲጀመርላት ነው ነፍስ የዘራችው።

በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ሐኪም ለጥናት ወደ እኛ መጣ። ሳይወፍሩ ስኳር የያዛቸውን ወጣቶች ደም ይሰበስባል። አንዳንድ ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና የገዛ ቆሽቱን ያጠቃል፤ ኢንሱሊን የሚያመነጨውም ክፍል ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ቆሽት ላይ ያነጣጠሩ ፀረ እንግዳ አካላት ደም ውስጥ ይገኛሉ። ሐኪሙ የሚፈልገው እነሱን ነበር።

የእህቴን ደም የቀዳሁት እኔ ነኝ።

"የገዛ ሰውነቴ ነው የጠላኝ?" አለችኝ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

"እሱን ነው የምናየው።"

"ምን አድርጌው?"

ላስቲኩን ክንዷ ላይ አሰርኩላት።

ደም ውስጥ ያሉትን ለይተው የሚያሳዩን፣ ለምርመራ ተብለው የተሠሩ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፤ የመጡት ከውጭ አገር ነው፣ በበረዶ ታሽገው። ሙቀት ካገኛቸው ዋጋ የላቸውም። መብራት በሄደ ቁጥር ማንም ፍሪጁን እንዳይከፍት እየተቆጣሁ ሰነበትኩ። የምርመራው ቀን ደርሶ ናሙናዎቹን ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ጨመርኩ። የሚፈለገው ነገር ያለበት ጉድጓድ ቢጫ ይሆናል። የአንዳንዶቹ ቢጫ ሆነ፤ የእህቴ እንደ ውኃ ጠርቶ ቀረ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ቆሽት ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ የሚለካውን ምርመራ ሠራሁ። እዚህኛው ላይ ቀለሙ መድመቅ ነበረበት። የእሷ አሁንም ገርጥቶ ቀረ። ሰውነቷ ቆሽቷን ለማጥቃቱ ምልክት የለም፤ ቆሽቷ ግን ሥራውን ሊያቆም ምንም አልቀረውም። ደስታዬ እዚያው ሳህኑ ላይ አለቀ።

ውጤቱን ሐኪሙ ለእህቴና ለእናቴ ነገራቸው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። በደንብ አስረድቷቸው ነበር አሉ። እናቴ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን "ኔጌቲቭ" የሚለው ቃል ብቻ ነው። እኛ አገር ደግሞ ኔጌቲቭ የተባለ ሰው ነፃ ነው። "አልሃምዱሊላህ" እያለች በሰኞ ገበያ በኩል ለሰደቃ የሚሆነውን ሸምታ፣ ልጇን ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች። ጎረቤት ተጠርቶ ዱዓ ተደረገ። እህቴም መርፌውን ተወችው።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ደወለች። "ልጅቱ እንደሮጠ ሰው ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ያስመልሳታል።"

"መርፌዋን ተወግታለች?"

በቀጭን ድምፅ "ነፃ ናት ተብሎ የለ እንዴ?" አለችኝ።

"እማ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሻት!"

በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሹፌሩ በየመጠምዘዣው ፍሬን በያዘ ቁጥር ልቤ ይቆም ነበር። ስደርስ እህቴ ክንዷ ላይ የጨው ውኃና ኢንሱሊን ተሰክቶላት፣ ዓይኗ ተከድኖ አገኘኋት። እናቴ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጣለች። "በእጄ ገደልኳት?" አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና አቀፍኳት።

እህቴ በማግስቱ ዓይኗን ገለጠች። "ነፃ ነኝ ብዬ እኮ ነው እትዬ" አለችኝ። "እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ብታዪ።"

ሐኪሙ ሲሰማ ራሱ ከደሴ ወርዶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። "ኔጌቲቭ ያልኩት በሽታው የለም ለማለት አልነበረም፤ ሰውነትሽ ቆሽትሽን እያጠቃ ስለመሆኑ ምልክት አላገኘንም ለማለት ነው" አላት።

"ታዲያ ከምን መጣ?" አለች እናቴ።

"እርግጠኛውን አናውቅም፣ እናቴ። በልጅነት የምግብ እጥረት የነበረባቸው ሰዎች ላይ ቆሽቱ ሳይጠነክር ይቀራል ብለው የሚጠረጥሩ አሉ።"

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እህቴ የተወለደችው ዝናብ በቀረበት ዓመት ነው፤ እኔም አስታውሰዋለሁ። "የነበረኝን ሁሉ ነው ያበላኋቸው" አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ።

"እርስዎን ለመውቀስ አይደለም" አላት ሐኪሙ ደንግጦ። እሷ ግን አልሰማችውም።

እህቴ ዛሬ መርፌዋን በየቀኑ ትወጋለች፤ ፋብሪካም ተመልሳለች። እናቴ ስለ በሽታው መጠየቅ ትታለች። ማዕድ ላይ ስንቀርብ ግን የራሷን ድርሻ ቀስ አድርጋ ወደ እህቴ በኩል ትገፋዋለች። እህቴ ምግቧ በልክ መሆን እንዳለበት ደጋግማ ነግራታለች። "እሺ" ትላትና መልሳ ትገፋላታለች።