በቆንጆ ጽሕፈት የወሰድኩት ጡረታ

ዛሬ በቀበሌ ስብሰባ ላይ የጡረታ ሌቦችን ስወቅስ አንዲት መነኩሲት በአንድ ጥያቄ አስቀመጡኝ።

ሰዉ ሳያገለግሉ ጡረታ ስለሚበሉ የሹም ዘመዶች ያማርር ነበር። እኔም ብድግ ብዬ «በጃንሆይ ጊዜ እንዲህ ያለ ነውር አልነበረም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባ ስወድ ደግሞ አይጣል ነው፤ ቀጠልኩ።

እማሆይ ከኋላ ተነሡ። «ለገዥው አማች የጡረታውን ወረቀት የጻፈለት ማን ነበር?» አሉኝ።

እኔ ነበርኩ።

በንጉሡ ዘመን እዚሁ ስማዳ ውስጥ ጢሜ ያልበቀለ ጸሐፊ ነበርኩ። የጽሕፈት ቤታችን ዘበኛ ሲሞት፣ የወረዳው ገዥ ጠሩኝና «ያንተ ጽሕፈት ያምራል» አሉኝ። በዚህች ሙገሳ ብቻ የሟቹን የአገልግሎት ዘመን በሙሉ በአማቻቸው ስም ገለበጥኩት። አማችየው አንድ ቀን እንኳ ዘብ ቆሞ አያውቅም።

የዘበኛው ሚስት ጡረታ ልትጠይቅ ስትመጣ «ባልሽ መዝገብ ላይ የለም» ብዬ የመለስኳትም እኔው ነኝ። በኋላ መነኮሰች። የዛሬዋ እማሆይ ያቺው ሴት ናቸው።

ስብሰባው ሲያበቃ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ለእኔ ለብቻዬ አትንገረኝ» አሉኝ። «ያጨበጨቡልህ ሰዎች ሳይበተኑ ንገራቸው።»

ግማሹ ሄዷል። ለቀሩት ተናገርኩ፤ ማንም አላጨበጨበም። ለሄዱት ደግሞ ይኸው እዚህ ጻፍኩላቸው።

እናንተስ? ሌላውን ስትወቅሱ የራሳችሁ እጅ ጽሑፍ የተገኘበት ቀን ካለ ጻፉልኝ። ብቻዬን አልቅር።