በመስኮቱ ላይ የሚጮኸው ዘፈን

ያ የፈረንጅ ዘፈን በወጣበት ዓመት ናዝሬት ውስጥ ያልጮኸበት ሻይ ቤት አልነበረም። ከበሮውን ማሽን ይመታዋል፣ ኦርጋኑ ያላዝናል፣ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የከተማው ወጣት ለጭፈራ ወደደው። እኛ ቤት ግን የሚከፈተው ለጸሎት ነበር።

ጴንጤ መባል የሚያሳስርበት ዘመን ነው። ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ስላሸገው፣ ቅዳሜ ከሰዓት አማኞቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አስተማሪው አባቴና እናቴ፣ ጥቂት የሰፈር ሰዎች፣ ከቆቃ በአውቶቡስ የሚመጡ አንድ የግድቡ ሠራተኛ። ድምፃቸው መንገድ ላይ እንዳይሰማ ቴፑን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ዘፈን መልቀቅ የኔ ሥራ ነበር። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴ ዓለማዊ ዘፈን ቤቷ መግባቱ ቢያንገበግባትም “እስኪያልፍ ያለፋል” ብላ ቻለችው።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ አልጸልይም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈኑን እሰማለሁ። ሴቶቹ ይህን አይተው ልጅቷ እንዴት ትጸልያለች ብለው እናቴን ያመሰግኗታል። አፍር ነበር፤ እያፈርኩም ቅዳሜ እስኪደርስ አላስችል ይለኛል።

ችግሩ ዘፈኑ ሲያልቅ ነው። ካሴቱን እስካጠነጥን ቤቱ ጭጭ ይላል። የቆቃው ሰውዬ “ዋቃዮ” ብለው አምላካቸውን ጠርተው፣ ልመናቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አባቴ ሌላ ዘፈን ብታስገቢስ አለኝ። ሌላው ለስለስ ያለ ስለሆነ ድምፅ አይሸፍንም አልኩት። ውሸቴን ነበር፤ እሱን ዘፈን ስለምወደው ነው።

ስለዚህ ባዶ ካሴት ይዤ ሙዚቃ ቤት ሄድኩና ያንኑ ዘፈን በሁለቱም ገጽ ደጋግሞ እንዲቀዳልኝ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ፍቅር ይዞሽ ነው ወይ ብሎ ሳቀ፤ አዎ አልኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ሦስት ቅዳሜ ጸሎቱ ሳይቋረጥ ሄደ። በአራተኛው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ በሩን አንኳኳ፤ አባቴ ከፈተለት። ሰውየው የተቆጣ አይመስልም ነበር።

“መምህር፣ ዘፈን የሚወድ ሰው ሌላም ዘፈን ይሰማል” አለው። “እዚህ ቤት ከሰዓቱን ሙሉ አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ምን እየሠራችሁ ነው?”

ሰው ከመጣ ልደት ነው ልንል ተስማምተን፣ ለዚሁ ብለን ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አስቀምጠን ነበር። አባቴ ዳቦውን አየት አደረገውና “እየጸለይን ነው” አለ።

የሌሎቹን ስም መዝግበው ለቀቋቸው፤ አባቴን ወሰዱት። ስምንት ወር ታሰረ። ካሴቱን ልሰብረው ሁለት ጊዜ ድንጋይ አነሳሁ፤ አልቻልኩም፣ ሻንጣዬ ሥር ደበቅሁት። ማንም አንቺ ነሽ አላለኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ከስቶ፣ ፀጉሩ ነጥቶ ወጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ካሴቱ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እንባዬ ቀደመኝ። ሌላ ዘፈን ይበቃ እንደነበር፣ ያን ሁሉ ጊዜም ጸልዬ እንደማላውቅ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

“የዘበኞቹ ሬዲዮ አንዳንዴ ያንን ዘፈን ያሰማን ነበር” አለ። “እሱን ስሰማ ቀኑ ምንም ይሁን ምን እንበረከካለሁ። አሁን ልጄም እየጸለየችልኝ ነው እል ነበር።”

ካሴቱን ከሻንጣዬ ሥር አወጣሁት። “በይ ክፈቺው” አለኝ። ከፈትኩትና አጠገቡ ተንበረከክሁ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ዘፈኑ ግን አላረጀም፤ አዳማ ውስጥ ከታክሲም ከሆቴል በረንዳም ዛሬም ይሰማል። በሰማሁት ቁጥር ባለሁበት ዓይኔን እጨፍናለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ዘፈኑን የምሰማ ይመስለዋል።