የልጄ ክርስትና እናት

በሰፈራችን በሸዋ በር ባጃጅ ከሚነዱት ሁሉ የኔን ያህል የሚያስቅ የለም። እኔ አይደለሁም የምለው፣ ሰው ነው። ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት ራሱ አስተማሪዎቹ በኔ እየሳቁ ማስተማር ስላቃታቸው ነው።

ሚስቴ ሴት ልጅ ትታልኝ በወሊድ ስትሞት ግን እንቅልፍም አብሯት ሄደ። ቀን እቀልዳለሁ፤ ቤት ስገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ብነግራቸው ወደ አማካሪዋ ላኩኝ። በሩን ብከፍት አማካሪዋ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላት ጎረቤታችን! ከእናቴ ጋር አንድ እድር ናቸው።

"ጎረቤት ነን፤ ሌላ ሰው ልፈልግልህ?" አለችኝ።

"የት? ላለቅስ ድሬዳዋ ድረስ ልሳፈር?"

ሳቀች። "እንግዲያው እዚህ የተወራ እዚሁ ይቀራል። ውጪ ጎረቤትህ ብቻ ነኝ።"

ቃሏን ጠበቀች። መንገድ ላይ "ደህና ዋልክ" ብላ ታልፋለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር። እኔ!

የልጄ ክርስትና ሲደርስ እናቴ እትዬ ቤት ሄዳ "የልጅ ልጄን ክርስትና አንሺልኝ" አለቻት። ለካ ሚስቴ እርጉዝ እያለች "ሴት ከሆነች እትዬ ታንሳት" ብላት ኖሯል። እናቴ እዚያ ክፍል እንደምመላለስ አታውቅም።

በቀጠሮዬ ቀን እትዬ አንገቷን ደፍታ ጠበቀችኝ።

"አበልጅ ከሆንን ዘመድ ነን። ዘመዴን እዚህ አስቀምጬ ማከም አልችልም፤ ሥራው አይፈቅድም። ከኔ ጋር መቀጠል ከፈለግክ እናትህን እንቢ እላቸዋለሁ። ምክንያቱን ግን አልናገርም።"

"ክርስትና አንሺ ተብሎ እንቢ ይባላል እንዴ? እናቴ እስክትሞት አታናግርሽም! ሰፈሩም አይለቅሽም!"

"እችለዋለሁ። ምርጫው ያንተ ነው።"



"ሚስቴ ሌላ ምንም አልጠየቀችም" አልኳት። "አንሺያት።"

አይኗን ጠረገች። ድሬዳዋ ያለች አማካሪ ጋ ላከችኝ፤ ሄድኩ። ጎበዝ ናት፤ ግን ሚስቴን አታውቃትም። ስለ ሳቋ ብነግራት እንዴት እንደሚያስተጋባ ከየት ትሰማዋለች? መሄዱን ተውኩት።

የክርስትናው ዕለት እትዬ ልጄን አቅፋ ቤታችን ገባች። ሰዉ እልል አለ።

"አበልጄ፣ እንዴት ነህ?" አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"እኔማ ምን ሆኜ! ይቺን የመሰለች ቆንጆ ወልጄ? ቁርጥ እኔን!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ብቻ ሌሊቱን እንደማልተኛ እያወቀች አየችኝ፣ ከዚያ እሷም ሳቀች። ምን ታድርግ? ልጄን ደረቷ ላይ አስተካክላ ወደ ሴቶቹ ሄደች።