የአዴ ጉዲሴ አንጮቴ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ መስቀል እንዳለፈ ነው። የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ገና መጀመሩ ነበር። እስከ ዛሬ አንጮቴ፣ ያ የእኛ አገር ሥራ ሥር፣ ሲቀቀል በሸተተኝ ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ቀጥሎ የአባባ ባርኔጣ ትዝ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ኦብሴ ያገባችው እዚሁ ነቀምት ነው። ባሏ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ያስተምራል፤ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። ከዚህ በፊትም አርግዛ ነበር። ያኔ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረች። ሆዷ ሳይገፋ ፅንሱ ወረደ። ከሕመሙ ይልቅ የከበዳት በየመንገዱ እያስቆመ «አይዞሽ» የሚላት ሰው ነበር። ሰው ከሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር።

ስለዚህ እንደገና ስታረግዝ ከባሏ ሌላ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። «ሆዴ ራሱ እስኪናገር ለማንም! ለሃርሜም ቢሆን!» አለችኝ። ሃርሜ የምንለው እናታችንን ነው። እኛ ቤት መማል ክልክል ስለሆነ ቃል ገባሁላት። ቃል ደግሞ ከመሐላ ይበልጣል ይላል አባባ።

ለመጀመሪያው ምርመራ ባኬ ጃማ በኩል ያለ ጤና ጣቢያ መረጠች። ከሰፈራችን ስለሚርቅ ማንም አያየንም አለች። ነቀምት ውስጥ ሰው የማያይበት ቦታ አለ ብሎ ማሰብ ራሱ የእርግዝና ምልክት ሳይሆን አይቀርም።

የእርግዝና ክትትል ክፍሉ በር ላይ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ግማሾቹ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈዋል። ኦብሴ ለሽንት ምርመራ ትንሽ ዕቃ ተሰጣት። ፈርታ ስለነበር አልመጣ አላት፤ ውሃ እየጠጣች ትመላለሳለች። ተራዋን እንድጠብቅላት ነጠላዋንና ካርዷን ለእኔ ትታ ሄደች።

እሷ ሳትመለስ ስሟ ተጠራ። አጠገቤ የነበረችው ሴት «ግቢ እንጂ! ሁላችንም እንዲሁ ፈርተን ነው የጀመርነው» ብላ ገፋችኝ።

አዋላጅ ነርሱ ወጣት ወንድ ነው። እየጻፈ ቀና እንኳ ሳይል ክንዴን ስቦ የደም ግፊት መለኪያውን ጠቀለለብኝ። «ጠዋት ጠዋት ማቅለሽለሽ አለ? የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበረታል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ። የምሰጥሽን የደም ኪኒን ደግሞ ከቡና ጋር እንዳትወስጂው።»

«እኔ እኮ አይደለሁም» ልል አፌን ስከፍት፣ በሩ ላይ አዴ ጉዲሴ ቆመዋል።

አዴ ጉዲሴ ጎረቤታችን ናቸው፤ «አዴ» እንደ «እትዬ» ነው። አጥራችን አንድ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። ለካ የልጃቸውን ልጅ ሊያስከትቡ መጥተው ኖሯል። ክንዴን አዩ። ነጠላውን አዩ። «ሌንሴ?» አሉ።

በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኦብሴ ምስጢር እንዳይወጣ። ስለዚህ በዓለም ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ መርጬ ይህን ተናገርኩ፤ «አዴ፣ እባክዎ፣ እዚህ እንዳዩኝ ለሃርሜ እንዳይነግሩብኝ!»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ከአፌ አይወጣም፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሄዱ።

ነርሱ በመጨረሻ ካርዱን አይቶ እኔን አየ። «ይሄ ያገባች ሴት ካርድ ነው። አንቺ ገና የተማሪ ዩኒፎርም ለብሰሻል!» ብሎ ሲስቅ፣ ኦብሴ ዕቃዋን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ደረሰች። ምርመራዋ ሁሉ ደህና ሆነ። እኔም አዴ ጉዲሴን እዚያው ረሳኋቸው።

እውነትም ከአፋቸው አልወጣም። የወጣው ሳህን ነው።

እኛ ሰፈር ነፍሰ ጡር ያሸተተችው ምግብ አይከለከልም። ሆዷ ገና ካልታየ ደግሞ «አውቄብሻለሁ» አይባልም፤ ነውር ነው። ዝም ብሎ ሳህን ይላካል። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን ሳህኑ ወደ ራስ ሲመጣ ማን ያስበዋል?

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አዴ ጉዲሴ በአጥሩ ላይ አንጮቴ በቅቤ አቀበሉኝ። «ሸትቶሽ ይሆናል ብዬ ነው» አሉ። ሸትቶኝ ነበር። በላሁ።

በአጥር ላይ የሚያልፍ ሳህን ደግሞ ይታያል። ማዶ ያሉት እትዬ ዘሃራ አይተዋል። እሳቸው ከወሎ በሠፈራ ከመጡት ቤተሰቦች ናቸው። በቀጣዩ ቀን ቅንጬ መጣ፤ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል። ጀሪካን ይዤ ሲያዩኝ ሮጠው ነጠቁኝ። «አንቺ! ኧረ ቀስ! አብሽሪ፣ እኔ አለሁልሽ» አሉኝ። ውሃውን እቤት ድረስ አደረሱልኝ።

የመዘምራን ልምምድ ላይ ሁሉም ቆሞ ለእኔ ብቻ የፕላስቲክ ወንበር ቀረበልኝ። ያመጡት አዴ ጉዲሴ ናቸው። ድምፄን ወደውት ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ጮክ ብዬ ዘመርኩ።

እንዲህ እየተንደላቀቅሁ አንድ ቀን አንጮቴውም፣ ቅንጬውም፣ በላዩ ላይ ጩኮም መጣ። ጩኮ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ ትንሽ ነው የሚበላው። እኔ ሁሉንም ጨረስኩ። ጠዋት ተነስቼ ከጓሮ አስመለሰኝ።

ቀና ስል ሃርሜ ቆማለች። ለካ እሷም ጎረቤቱ ለእኔ ብቻ የሚልከው ለምንድን ነው እያለች ስታሰላስል ሰንብታለች። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ላረጋጋት ፈለግሁ። «ምንም አይደል፣ ጠዋት ጠዋት ያለ ነው። ነርሱም የተለመደ ነው ብሏል።»

«የቱ ነርስ?»

ሃርሜ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች። «ከማን ነው?» አለች።

«አንጮቴው ከአዴ ጉዲሴ፣ ጩኮው ግን...» ብዬ ስጀምር እንባዋ ወረደ። ያኔ ገባኝ። ሳህኖቹም፣ ጀሪካኑም፣ ወንበሩም አንድ ላይ ገቡኝ። ወንበሩ ከሁሉም በላይ አናደደኝ።

አባባ የሲሬ መስመር ሚኒባስ ሹፌርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ተደውሎለት ከመናኸሪያ ተመለሰ። ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለጸሎትና ለለቅሶ ብቻ ነው። አወለቀው። አንገቱን ስላልደፋ ጸሎት እንዳልሆነ አወቅሁ።

«ጤና ጣቢያ ሄደሻል?»

«ሄጃለሁ።»

«እርጉዞች ክፍል?»

«አዎ። ግን እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«መናገር አልችልም።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ትምህርት ቤት መሄድ የለም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሃርሜን ስልክ ለምኜ ኦብሴ ጋ ደወልኩ። ሁለቱም እየሰሙ ነው። «ኦብሴ፣ አባባ ባርኔጣውን አውልቋል» አልኩ።

«ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም። ጠዋት አስመለሰኝ፤ ጤና ጣቢያም ታይቻለሁ። ትምህርት ቤት አትሄጂም ተብያለሁ።»

መጀመሪያ ስቅ እስኪላት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ድንገት ተቆረጠ። «መጣሁ» አለች።

እስክትደርስ ድረስ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ባትናገርስ? ያን ሁሉ «አይዞሽ» የሰማች ሰው ባትናገር አልፈርድባትም። ግን ትምህርቴ!

ባጃጁ በር ላይ ቆመ። ኦብሴ ገና የሌለ ሆዷን ይዛ ገባች። «አባባ፣ ባርኔጣህን አድርግ። ሌንሴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ።»

ሃርሜ ለእልልታ አፏን ከፈተች። ኦብሴ ዘላ በመዳፏ ከደነችው። «አይሆንም! ገና ነው! ማንም እንኳን ደስ አለሽ እንዳይለኝ፣ ማንም አይዞሽ እንዳይለኝ!» እልልታው በሃርሜ አፍንጫ ወጣ።

አባባ ወደ እኔ ዞረ። «ለምን አልተናገርሽም?»

«ቃል ገብቼ ነበር። ከመሐላ ይበልጣል ያልከው አንተ ነህ።»

እሱም ባርኔጣውን የኋላውን ወደ ፊት አድርጎ ደፋና ሚኒባሱን ሊያጥብ ወጣ። ሚኒባሱ ጠዋት ታጥቧል።

አጥሩ ላይ ሁለት ራሶች ነበሩ። «ያን ሁሉ አንጮቴ ለራሷ ብቻ ነው የበላችው?» አሉ አዴ ጉዲሴ።

«ቅንጬዬስ! ያ ሁሉ ቅቤ!» አሉ እትዬ ዘሃራ። «በሉ፣ የሕፃኑን ድርሻ በልታለች፤ ሲወለድ አዝላ ትመልሳለች!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑ መንገድ ቀይሮ ወደ ኦብሴ ሄደ። «አይዞሽ» ያላት ሰው ግን አልነበረም። ቆይታ እንደነገረችኝ የፈራችው ሰው እንዳያውቅ ሳይሆን እንዳይናገር ነበር። ሳህን አይናገርም። እኔም በየቀጠሮዋ አብሬያት ሄድኩ። ነርሱ «ደህና ነሽ፣ የመጀመሪያዋ ነፍሰ ጡር!» ይለኝ ነበር። የሕፃኑን የልብ ትርታ ያሰማን ቀን ግን ሦስታችንም ቀልዱን ረሳነው።

ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። ወፍራም ናት፤ ያ ሁሉ ቅቤ የት ይሄዳል? ፍርዱ ጸንቶብኝ ከትምህርት መልስ የማዝላት እኔ ነኝ። አሁን ያን ጠዋት ሳስታውስ አላፍርም። ቃሌን ስለጠበቅሁ እንዲያውም ትንሽ እኮራለሁ፤ ወንበሩ ብቻ አሁንም ያናድደኛል።

አዴ ጉዲሴ አንጮቴ ሲቀቅሉ ይጠሩኛል። ሳህኑን ግን ዝም ብለው አያቀብሉኝም። «ለማን ነው?» ይላሉ። ዞር ብዬ ጀርባዬ ላይ የተኛችውን ልጅ አሳያቸዋለሁ። «በይ፣ ለእናቷ አድርሺ» ብለው ይሰጡኛል።

አደርሳለሁ። ሙሉ ሆኖ ደርሶ ግን አያውቅም።