መፍላት የተወችው ጂፕ

መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ዳር የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ሲቸግረው ብቻ ነው፤ መኪናው ደህና የሆነለት ሰው ሱቄ ምን ሊሠራ ይመጣል። በዚህ የተነሳ ስለ ሰው ልጅ ያለኝ አስተያየት ትንሽ መረር ይላል፣ አልደብቅም። ኡበይደላ ግን ዕቃ ባይፈልግም ይመጣ ነበር። ደጄ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን አውቶቡስ ያያል፣ ሲበቃው ይሄዳል።

ድሮ የአንድ ፕሮጀክት ሾፌር ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ፣ ሲነዳት የኖረውን አሮጌ ጂፕ በሐራጅ ገዛት። አረንጓዴ ነበረች ይላል፤ እኔ ሳውቃት ቀለም የሚባል ነገር አልነበራትም። ከመርሳ ወደ ላይኞቹ መንደሮች የሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ለሚኒባስ አይሆንም፤ ባጃጅማ አይሞክረውም። ኡበይደላ በየገበያው ማግስት ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ጭኖ ይወጣል፤ ሲመለስ ድንችና ገብስ ያወርዳል። እንጀራው ይህ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ጂፗን ጥሎ አልሸሸም። ጎማዎቿን ፈታ፣ ባትሪዋን ጓሮ ቀበረ፣ ውስጧን ጭድ ሞልቶ ዶሮ አሰፈረባት፤ የመጣው ሁሉ አይቶ አለፋት።

ሚስቱ ነኢማ ከሞተች ቆይታለች። አንዲት ልጁ ለይላ ሪያድ ናት፤ በየጁምዓው ትደውላለች። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከመደወሏ በፊት ከነበረው የባሰ ጭር እንደሚል አንድ ቀን ነግሮኛል። እኔም ስለ ናፍጣ አወራሁለት።

መንገዱ እኩሌታ ላይ አንድ ክፉ ዳገት አለ። ጂፗ እዚያ ስትደርስ ትፈላለች፤ ራዲያተሯ በዝገት ተደፍኖ ውሃ አላሳልፍ ብሏል። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ቡልቅ ሲል ኡበይደላ ይወርዳል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፣ ኮፈኑን ይከፍታል። ከዳገቱ አናት ላይ የነሲባ ቤት ነው። ነሲባ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ላምና ጥቂት መሬት ያላት ሴት ናት። እንፋሎቱን ስታይ በጀሪካን ውሃ ይዛ ትወርዳለች። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፤ መኪና የተበላሸበት ሰው እንግዳ ነው፣ ፀሐይ ላይ አይቆምም። ከአጥሯ ሥር አጎዛ ታነጥፍለታለች፣ ቂጣና እርጎ ታቀርብለታለች፣ እሷ ራቅ ብላ ትቀመጥና ያወራሉ። በአገራችን ባል የሌላት ሴት ደጅ ላይ ወንድ ያለ ጉዳይ አይቀመጥም። ኡበይደላ ግን ጉዳይ ነበረው፤ ጉዳዩ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ እየተንፈቀፈቀ መንገዱ ላይ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው አይቶ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል፣ ክፉ ነገር የሚያስብ የለም።

ይህ ዓመታት ቆየ። በኋላ የላይኛው መንደር ነጋዴ ዓሪፍ ዕቃው እየዘገየበት ተማረረ፤ መኪናህን ካላሠራህ ሌላ ሰው ልፈልግ ነው አለው። ኡበይደላ ሱቄ መጥቶ ተቀመጠና ከምን ልጀምር ብሎ ጠየቀኝ።

አዲስ ሞተር የሚባለው ሕልም እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሌላው ሰው ቢሆን ቀለም በማስቀባት ይጀምር ነበር፤ መርሳ ውስጥ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ፍሬን ግን የሌላት መኪና ስንት አይቻለሁ። እኛ መጀመሪያ ገደል የሚከተውን፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ የሚያስቀረውን፣ የቀረውን ሲሞላለት እንዲያደርግ ተስማማን። የፍሬኑን ዕቃ በሙሉ አዲስ ሸጥኩለት፤ ፍሬን ላይ ያገለገለ ዕቃ አልሸጥም። ክረምቱን መንገዱ ስለሚዘጋ ዕቃዋን እየፈታ በየሳምንቱ ወልድያ ሀብቴ የሚባል መካኒክ ዘንድ እየወሰደ ያሠራት ጀመር። አንድ ቀን ራዲያተሩን ታቅፎ ሚኒባስ ሲገባ ረዳቱ እንደ ተሳፋሪ ቆጠረበት። ሀብቴም የራዲያተሩን ሆድ አውጥቶ ከተጋጨ ፒክአፕ የወጣ ሌላ ገጠመለት። የውሃ ፓምፑ ተቀየረ፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና የባሌስትራ ብረት ተቆርጦ ተጨመረላትና የኋላዋ ከፍ አለ፤ ለኋላ እግሯ ጥርሳቸው ያልተበላ ሁለት ጎማ ተገኘላት። ቀለሟ እንዳለ ነው።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ ወጣ። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ሲመለስ ልጁን የዳረ ሰው ይመስል ነበር። ጂፗ ያን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሳትተነፍስ ወጣችው። ነሲባ ድምፅዋን ሰምታ ጀሪካኗን ይዛ አጥሩ ጋ ወጥታ ነበር። እሱም ደስታው ቢበዛበት ረጅም ክላክስ አደረገላት፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበና አለፈ። ይህን ሲነግረኝ ክላክሱን በአፉ ጭምር አሰማኝ። እኔም ሻይ ጋበዝኩት፣ ሞኝ ለሞኝ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንዲሁ ሆነ። ክላክስ ያደርጋል፣ ያልፋል። ዓሪፍ ዕቃው በጊዜ ስለሚደርስለት ደስተኛ ነው። ኡበይደላ ግን እየዋለ እያደረ የሚያልፈውን አውቶቡስ እንኳ ማየት ተወ። ምን ጎደላት እለዋለሁ፤ ምንም አልጎደላትም ይላል። አንድ ቀን አሮጌው ራዲያተር ሀብቴ ጋ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ሌላ ቀን ደግሞ መንገዱ ረዘመብኝ አለኝ። እንዴት ይረዝማል፣ አሁን እኮ ድሮ በምትደርስበት ግማሽ ጊዜ ነው የምትደርሰው ብዬ እንደ አዋቂ አስረዳሁት። አየኝና ተነስቶ ሄደ። ብቻውን መሆን ምን እንደሆነ እኔ አላውቀውም ነበር፤ ቤቴ በልጅ የተሞላ ነው።

ኅዳር ላይ ዳገቱ ጋ ሲደርስ አቆማት። ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጠበቀ። ነሲባ ዘገየች፤ ግን መጣች፣ ውሃዋንም ይዛለች። ሞተሩን አየች፣ እንፋሎት የለም።

«አያ ኡበይደላ፣ አልፈላችም እኮ» አለችው።

«አልፈላችም» አላት።

«ታዲያ ለምን ቆሙ?»

ሊላት ያሰበውን መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው ነበር የመጣው። እዚያ ሲደርስ ግን ሁሉም ጠፋበትና «አንቺን ላይ ብዬ ነው የቆምኩት» ብቻ አለ።

ነሲባ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወንድሟ ሲሪንቃ ለሚኖር ሰው ልዳርሽ ሲላት ከርሞ እሷ እንቢ ስትለው እንደነበር፣ አሁን ግን እሺ ማለቷን፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ለእጮኝነቱ ፋቲሃ መቀራቱን መሬት መሬት እያየች ነገረችው። ከዚያ ቀና አለች።

«መኪናዎ ስትድን ጉዳይዎ አለቀ አልኩ» አለችው። «ክላክስ እያደረጉ ሲያልፉ፣ ደህና ሁኚ ማለትዎ ነው አልኩ። እኔ በምን ልወቅ?»

ኡበይደላ ክላክሱ ደስታ እንደነበር ሊያስረዳት አልሞከረም። ፋቲሃ ከተቀራ ወዲያ የሚባል ነገር የለም። እጁን ዘርግቶ አላህ ያማረ ያድርገው ብሎ ዱዓ አደረገላት፤ እሷም አሚን አለች፣ አለቀሰችም። ኮፈኑን ዘግቶ ሄደ።

የባሰው ነገር ገና ነበር። ወንድሟ አንድ ሳምንት ቆይቶ ኡበይደላ ቤት መጣ። ያንን መንገድ ሙሽራ ይዞ ያለ ሥጋት የሚወርድ መኪና ያንተው ብቻ ነው አለው። ኡበይደላ እሺ አለ። እብድ ነህ ወይ ብዬ ተቆጣሁት፤ ሌላ ሰው ቢያወርዳትና ፍሬኑ እንቢ ቢለውስ ብሎ መለሰልኝ።

በሠርጉ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ጂፗ ታጥባ ጸድታለች። ነሲባ በሻሽ ተሸፍና ከአክስቷ ጋር ከፊት ተቀምጣለች፣ ሳጥኗና ምንጣፏ ከኋላ ታስሯል። አስፋልቱ ላይ ወጥተው ወደ ሲሪንቃ ታጠፉ። ኡበይደላ ወደ እኔ አልዞረም፤ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ፊቱን ያያል። ወደ ውስጥ ገባሁ።

ከዐሥር ሶላት በኋላ ብቻውን ተመልሶ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አስመጣሁለት፣ አልነካውም። መኪናዋ እንዴት ሆነች ብዬ ጠየቅሁት።

«ወላሂ አንድ ቦታ እንኳ አልቆመችም» አለኝ። «ቁልቁለቱን ሙሉ፣ ያ ረቢ አንድ ጊዜ ብቻ አስቁምልኝ እያልኩ ነበር የምነዳት።»